የቆርቆሮ ጌጅ፦ ቁጥሩ ሲጨምር ለምን ይሳሳል?

በሱሉልታ ወይም በሰንዳፋ ሜዳ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ጌጁ፣ ማለትም የውፍረት ቁጥሩ ላይ ነው። 35 ከ28 ይበልጣልና ይጠነክራል ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28 ጌጁ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ፣ ባለ 35ቱ ከ0.2 ብዙም አያልፍም።

አቆጣጠሩ የመጣው ከሽቦ ሥራ ነው። ሽቦ እየጠበበ በሚሄድ ቀዳዳ ውስጥ በተደጋጋሚ ሲሳብ ይቀጥናል፤ ብዙ ጊዜ የተሳበው ትልቁን ቁጥር ያገኛል። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ውፍረት ብቻውን ግን ጣሪያን አያድንም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ነፋስ ጣሪያ የሚነቅለው ወደ ታች ተጭኖ ሳይሆን ወደ ላይ ስቦ ነው፤ ጉልበቱም የሚበረታው በጠርዝና በክፈፍ ላይ ነው። የጎረቤቴ ጣሪያ ክረምት ሲገባ በአንድ ሌሊት ተገለበጠ። ጠዋት ሄጄ ሳይ ቆርቆሮው ደህና ነበር፤ ለስላሳ ምስማሮቹ ከነጎማቸው ከሞራሌው፣ ማለትም ቆርቆሮው ከተመታበት እንጨት ተመዝዘው ወጥተዋል። ጥምዝ ምስማር ግን እንጨቱን ነክሶ ይይዛል። ውሃ እንዳያስገባም የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ በጠርዙ በኩል ደግሞ ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ይመታል። የጣሪያው እንጨት ራሱ ከአርማታው ምሰሶ በወጣ ብረት፣ በጭቃ ቤት ደግሞ ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ ይታሰራል።