ለጤፍና ለስንዴ የሚረዱ የአፈር ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በሆለታና በአቃቂ ዙሪያ ማዳበሪያ በተወደደ ቁጥር ስለ «ሕያው ማዳበሪያ» የሚወራው ይበዛል። በከረጢት የታሸገ ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከዘር ጋር ታሽቶ ይዘራል። ጥቅም አለው። ግን ከጥቅሙ ጋር ብዙ የተሳሳተ ወሬ ተቀላቅሎ ስለሚደርሰው ገበሬው ገንዘቡንም ተስፋውንም ያጣል፤ ይህ ያንገበግበኛል።

«የባቄላው ባክቴሪያ ለጤፍም ይሆናል»

አይሆንም። በአገራችን ይበልጥ የሚታወቀው ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር የሚሰጠው ራይዞቢየም ነው። ሊያብብ የደረሰ ባቄላ ከነሥሩ በቀስታ ቆፍራችሁ አውጡና አፈሩን አራግፉ፤ ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ እንደ ሥጋ ከቀላ ባክቴሪያው ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ተክሉን እየመገበ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ሥራ ላይ አይደለም። ከጤፍና ከስንዴ ሥር ይህን እባጭ ብትፈልጉ አታገኙም። የብርዕ ሰብል ከራይዞቢየም የሚጠቀመው በተዘዋዋሪ ነው፦ አምና ባቄላ ወይም ሽምብራ በነበረበት ማሳ ላይ ሲዘራ። ይህን አባቶቻችን ከረጢቱ ሳይመጣም ያውቁታል።

«ባክቴሪያ ካለ ዩሪያ አያስፈልግም»

ለብርዕ ሰብል በስፋት የተጠናው ባክቴሪያ አዞስፒሪለም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብራዚል ውስጥ በአፈር ተመራማሪዋ በዮሃና ዶበራይነር ሥራ ትኩረት አገኘ። ናይትሮጅን ቢይዝም ለስንዴው የሚያደርሰው ጥቂት ነው። ዋናው ጥቅሙ የዕድገት ሆርሞን እያመነጨ ሥሩን ማብዛቱ ነው። ሥሩ የበዛ ተክል ያገኘውን ዩሪያና ውሃ በደንብ ይጠቀማል። ያግዛል እንጂ አይተካም።

«ፈንገስ ማለት ዋግ ነው፤ በገዛ እጄ ማሳዬ አላስገባም»

ዋግ የመታውን ስንዴ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዋግ ቅጠልና አገዳ ላይ የሚያድር ጥገኛ ነው። ማይኮራይዛ የሚባለው ፈንገስ ደግሞ ሥር ውስጥ ገብቶ ከተክሉ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ፣ ሥሩ አጠገብ ያለው ሲያልቅ የፈንገሱ ቀጫጭን ክሮች ራቅ ካለ ቦታ ያመጡለታል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጣቸዋል።

ብዙ ማሳ ውስጥ ይህ ፈንገስ ሳይገዛም አለ። የምናዳክመው እኛው ነን። ለጤፍ ብለን ደጋግመን ስናርስ ክሮቹን እንበጥሳለን። ዳፕ ከልክ በላይ ስናፈስ ተክሉ ፎስፈረስ ስለሚጠግብ ስኳሩን ይነፍጋቸዋል። ጎመንዘር በተዘራበት ዓመትም ፈንገሱ የሚያድርበት ሥር አያገኝም፤ ጎመንዘር አይቀበለውምና።

«እንደ ማዳበሪያ ከርሞ ይዘራል»

ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ይገድሉታል። ከረጢቱ ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን ሳታዩ አትግዙ። ዘሩን ጥላ ውስጥ እሹት፣ በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ላይ ዝሩት፣ ከዩሪያ ጋር አትቀላቅሉት፤ በጸረ ፈንገስ መድኃኒት በታሸ ዘር ላይም ፈንገስ አትጨምሩ። ጤፍ ላይ ችግሩ ይብሳል፦ ዘሩ በጣም ትንሽ ስለሆነና ላይ ላዩን ስለሚበተን ፀሐይ ያገኘዋል። በመስመር ዘርቶ አፈር ሳሳ አድርጎ ማልበስ ወይም ደመና ያለበትን ቀን መምረጥ ይሻላል።

«የደከመ መሬት ያድናል»

በሆለታ በኩል ያለው ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ፎስፈረሱን ብረትና አሉሚኒየም አስረው ይይዙታል። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የአፈሩን አሲድ የሚቀንስ ኖራ ነው። ሌላው የሚያሳዝነው ኩበቱ ነው። ከብቶቻችን የሰጡንን ጋግረን፣ አድርቀን፣ ለከተማ ማገዶ እንሸጣለን፤ ገለባውንም ጠርገን እንወስዳለን። አፈሩ ውስጥ የሚበሉት ሲያጡ የትኞቹ ተህዋሲያን ይቆያሉ? ከኩበቱ ገሚሱ እንኳ ኮምፖስት ሆኖ ወደ ማሳው ቢመለስ ከረጢቱ የሚሠራበት ዕድል ይሰፋል።

መሞከር የሚፈልግ ሰው በሙሉ ማሳው ላይ አይጀምር። ከአንድ ዘር፣ በአንድ ቀን፣ አንዱን መደብ በባክቴሪያው፣ ጎኑ ያለውን ያለባክቴሪያው ይዝራ። ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን፤ ሲታጨድም ምርቱ ለየብቻ ተወቅቶ ለየብቻ ይመዘን።