በጓሮ ምድጃ ብረታ ብረት አቅልጦ ማፍሰስ

ብረታ ብረት አቅልጦ ፎርማ ውስጥ ማፍሰስ የፋብሪካ ሥራ ብቻ አይደለም። በጓሮው ወይም በጋራዡ ትንሽ ምድጃ ሠርቶ የበር እጀታ፣ የማሽን ክፍል ወይም ጌጥ የሚያወጣ ሰው በየአገሩ አለ። ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከአሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። መዳብ 1085፣ ንጹሕ ብረት 1538 ይፈልጋል። ለ660 ከሰልና ነፋስ ይበቃል።

ምድጃው ያን ያህል አይከብድም። የብረት ባልዲ ውስጡ እሳት በሚችል ሸክላ ይለበጣል፤ በጎኑ የአየር ቱቦ ይገባለታል። የወናፍን ሥራ የፀጉር ማድረቂያ ይሠራል። ተራ ኮንክሪት ግን አይሆንም፤ ሲግል ውስጡ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይፈነቅለዋል። ጀሶና አሸዋ ለመለማመጃ ያህል ያገለግላል፣ ቶሎ ይሰነጣጠቃል እንጂ። ማቅለጫው ዕቃ ከግራፋይት ቢሆን ይመረጣል። የብረት ጣሳ በቀለጠ አሉሚኒየም እየተበላ አንድ ቀን ይበሳል።

ምን ይቅለጥ? የለስላሳ ጣሳ በቀላሉ ይገኛል። ግን ስስ ስለሆነ ብዙው ከአየር ጋር ተዋህዶ ቆሻሻ ሆኖ ይንሳፈፋል። አሮጌ ፒስቶን ወይም የአሉሚኒየም ቸርኬ ይሻላል። ሲሊከን ስላለበት እስከ ፎርማው ጥግ ድረስ ይፈስሳል።

ሁሉም ሰው እሳቱን ያያል፤ ሙያው ያለው ግን ፎርማው የሚሠራበት አሸዋ ላይ ነው። ደቃቅ አሸዋ ከአሥር በመቶ ገደማ የቤንቶናይት ሸክላና ከጥቂት ውኃ ጋር ይታሻል። መጠኑን የሚነግረው እጅ ነው። በጡጫ ጨብጠው ሲከፍቱት የጣቶቹን ቅርጽ መያዝ አለበት። ለሁለት ሲሰብሩት ጠርዙ ሳይፈርስ ይቆረጣል፣ መዳፍ ላይም አይጣበቅም። ከፈረሰ ደርቋል፤ ከተጣበቀ ውኃው በዝቷል።

ከዚያ ሞዴሉ፣ ማለትም የሚፈለገው ዕቃ አምሳያ፣ ሁለት ክፍል ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀበርና አሸዋው ይጠቀጠቃል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የታልክ ዱቄት ካልተነሰነሰ ሳጥኑ ሲከፈት ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ሞዴሉ ወጥቶ ማፍሰሻው ቀዳዳ ይቆፈራል። አሉሚኒየም ሲረጋ ስለሚሰበሰብ ወፍራሙ ቦታ ይሰረጉዳል። ስለዚህ እዚያ አጠገብ መጠባበቂያ ቅላጭ የሚይዝ ሌላ ጉድጓድ ይተዋል። መጠኑም ስለሚቀንስ 10 ሳንቲ ሜትር የሚፈለገው ዕቃ ሞዴሉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨመርበታል።

ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። እርጥብ ቁርጥራጭ ቅላጩ ውስጥ ከገባ ውኃው ባንዴ እንፋሎት ሆኖ የቀለጠውን ይረጨዋል። ቁርጥራጩ ቀድሞ ምድጃው ጠርዝ ላይ ይሞቃል። የሚፈስሰውም በደረቅ አሸዋ ላይ ተቁሞ ነው፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቢደፋ ወለሉ ይፈናጠራል። የቆዳ ጓንት፣ የፊት መከላከያና የቆዳ ጫማ የግድ ናቸው። ናስ ደግሞ ለጀማሪ አይመከርም። ውስጡ ያለው ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላና ነጭ ጢሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል።

በኢትዮጵያ የመስቀል ሠሪዎች የቆየ ዘዴ በሰም ነው። መስቀሉ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ቦታውን ቅላጩ ይወስዳል። ጭቃው ስለሚሰበር አንድ ፎርማ አንድ መስቀል ብቻ ይሰጣል። የዛሬ የጓሮ ሠራተኞች በሰሙ ፈንታ ፎም፣ ማለትም ዕቃ የሚታሸግበትን ነጭና ቀላል ፖሊስታይሪን፣ ይጠቀማሉ። ፎሙ በደረቅ አሸዋ ይቀበራል፤ ማውጣትም አያስፈልግም፣ ቅላጩ ራሱ ያቃጥለዋል። ጢሱ መርዛማ ስለሆነ ግን ይህ ከቤት ውጭ ብቻ የሚሠራ ነው።