ጀግናው ክፉ፣ ክፉው ጀግና ሲሆን፦ ስለ አሻንጉሊት ኮሚክስ የመስታወት ዓለም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የ«ትራንስፎርመርስ» አሻንጉሊቶችና ኮሚክሶች ጀግና የሆነውን ሮቦት ኦፕቲመስ ፕራይምን የምናውቀው ወደ ቀይና ሰማያዊ የጭነት መኪና የሚለወጥ፣ ደካማን የሚጠብቅ መሪ አድርገን ነው። ያው ኦፕቲመስ ወይን ጠጅ ቀለም ተቀብቶ ጨካኝ አምባገነን ሆኖ ሲመጣ ብዙ አንባቢ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ይቆጣል። በዚያው ታሪክ ዋና ባላንጣው ሜጋትሮን ለነፃነት የሚዋጋ ሆኖ ይቀርባል። ጀግናና ባላንጣ ቦታ የሚለዋወጡበት እንዲህ ያለ ትይዩ ዓለም የመስታወት ዓለም ይባላል። ከአሻንጉሊት በተወለዱ ኮሚክሶች ውስጥ ይህ ሐሳብ ከሌላ ቦታ ሁሉ ይልቅ እንደሚያምር አምናለሁ፤ ስለ እሱ ከሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሐሳቡን የፈጠረው ስታር ትሬክ ነው»

ስሙን ያስለመደው ይህ የአሜሪካ የጠፈር ድራማ ነው፣ እውነት ነው። የድራማው ጀግና ካፒቴን ኪርክ ክፉ አቻ ከትይዩ ዓለም መጥቶ የታየበት የቴሌቪዥን ክፍል የተላለፈው ኦክቶበር 6 ቀን 1967 ነበር። ነገር ግን ኮሚክሱ ሦስት ዓመት ቀድሞታል። በኦገስት 1964 በወጣው የ«ጀስቲስ ሊግ ኦፍ አሜሪካ» 29ኛ ዕትም ደራሲው ጋርድነር ፎክስ «ምድር ሦስት» የምትባል ዓለም አስተዋወቀ። እዚያ የሱፐርማን፣ የባትማንና የጓደኞቻቸው አቻዎች ወንጀለኞች ናቸው። ታሪክ ራሱ ተገልብጧል፦ ኮሎምበስ ከአሜሪካ ተነሥቶ አውሮፓን ያገኛል፤ ተዋናዩ ሊንከን ፕሬዚዳንቱን ቡዝን ይገድላል (በእውነተኛው ታሪክ ገዳዩ ተዋናይ ቡዝ፣ ሟቹ ፕሬዚዳንት ሊንከን ነው)።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በዚያ የመጀመሪያ ታሪክ ምድር ሦስት ክፉዎች እንጂ ጀግኖች አልነበሯትም። መስታወቱ ግማሽ ነበር ማለት ነው። የሱፐርማን ባላንጣ የሌክስ ሉተር አቻ ተነሥቶ የዚያች ዓለም የመጀመሪያ ጀግና የሆነው በ1982 ነው። አሁን የምናውቀው ሙሉ ልውውጥ፣ ባላንጣው ወደ ጀግንነት ወንበር የሚወጣበት ማለቴ ነው፣ ቀስ በቀስ የተሠራ ነው።

«ክፉ መንታ ካለ የመስታወት ዓለም ነው»

አይደለም። የማቴል ኩባንያ በ1983 ያወጣው ፌከር የሚባል አሻንጉሊት አለ፦ የጀግናው የሂ-ማን ገላ ሰማያዊ ተቀብቶ የጠላቱ የስኬለቶር የደረት ጋሻ የተደረገለት። እሱ ግን የዚያችው ዓለም ሮቦት ነው፤ ሂ-ማንን አስመስሎ እንዲያሳስት የተሠራ። አስመሳይ እንጂ አቻ አይደለም። ዓለሙ እንዳለ ካልተገለበጠ መስታወት የለም።

«ምልክቱን መገልበጥ ብቻ ነው፤ ደግ የነበረው ክፉ፣ ክፉ የነበረው ደግ»

ይህ አመለካከት ነው ብዙ ደካማ ታሪኮችን የወለደው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

«ሻተርድ ግላስ»፣ ማለትም የተሰባበረ መስታወት፣ በ2008 በትራንስፎርመርስ ወዳጆች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከልዩ አሻንጉሊቶች ጋር የወጣ ኮሚክስ ነው። በዚያ ዓለም ኦቶቦቶች (የኦፕቲመስ ወገን) ጨቋኞች፣ ዲሴፕቲኮኖች (የሜጋትሮን ወገን) አርበኞች ናቸው። የአርማቸው ቀለም እንኳ ተለዋውጧል፦ በዋናው ዓለም ቀይ የሆነው የኦቶቦት አርማ ወይን ጠጅ፣ ወይን ጠጅ የነበረው የዲሴፕቲኮን አርማ ቀይ ሆኗል። እስከዚህ ድረስ መገልበጥ ብቻ ነው፤ ማንም ሊያስበው ይችላል።

ብልሃቱ ክሊፍጃምፐር ላይ ነው። ትንሹ ቀይ ኦቶቦት ያልተገለበጠ ነው፤ ከዋናው ዓለም ተወርውሮ ነው እዚያ የወደቀው። ደግሞም ከኦቶቦቶች ሁሉ ዲሴፕቲኮንን አጥብቆ የሚጠላው፣ ሳይጠይቅ የሚተኩሰው እሱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በአርማ ሲፈርድ የኖረ ተዋጊ፣ አርማው የሚዋሽበት ዓለም ውስጥ ይገባል። በመጨረሻም ከሜጋትሮን ጎን ይሰለፋል። ደራሲዎቹ ሌላ ለዘብተኛ ኦቶቦት ቢልኩ ኖሮ ታሪኩ ይህን ያህል አይነክስም ነበር። ሁሉም ሰው በተገለበጠበት ቦታ አንድ ያልተገለበጠ ዓይን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ልዩነቱን የሚለካው ማን ነው?

ጠባይ ደግሞ እንደ ሳንቲም ሁለት ገጽ ብቻ ያለው ነገር አይደለም። ዲሴፕቲኮኑን ስታርስክሪምን ውሰዱ። በዋናው ዓለም መሪውን ጥሎ ቦታውን ለመውሰድ እንቅልፍ የሌለው ከዳተኛ ነው። ይህ ሲገለበጥ ምን ይሆናል? ታማኝ? ሥልጣን የማይመኝ? ወይስ ምኞቱ እንዳለ ሆኖ ለበጎ የሚሠራበት? ሦስቱም «ግልባጭ» ናቸው፣ ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጎበዝ ደራሲ የሚለየው ከሦስቱ አንዱን መርጦ ምክንያቱን ሲያሳየን ነው። ለእኔ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሦስተኛው ነው፤ ባሕርይው ሳይነካ ምርጫው ብቻ የተለወጠበት። ያኔ አንባቢው ያንኑ ስታርስክሪም ያየዋል፣ ባያውቀውም ያውቀዋል።

«የምንወደውን ጀግና ያበላሻል»

ትይዩ ዓለም ትይዩ ነው። የዋናው ኦፕቲመስ አንዲት ቃሉ አልተሰረዘችም። በ2021 አይዲደብሊው የተባለው አሳታሚ «ሻተርድ ግላስ»ን በ5 ዕትሞች እንደ አዲስ ሲያወጣው ዋናው ኦፕቲመስ ምንም አልጎደለበትም።

«አሻንጉሊት ለመሸጥ የተፈጠረ የቀለም ብልሃት ነው»

ግማሹ እውነት ነው፣ መደበቅም አያስፈልግም። የፕላስቲክ አሻንጉሊት የሚወጣበት የብረት ቅርጽ ማውጫ ውድ ነው፤ ቀለም ርካሽ። አንድ ቅርጽ ከተሠራ በኋላ በሌላ ቀለም ደግሞ ማውጣት ኩባንያን ያተርፋል። በ1984 ስታርስክሪም፣ ስካይዋርፕና ተንደርክራከር የወጡት ከአንድ የጄት ቅርጽ ነው፤ የለያቸው ቀለማቸውና በጀርባ ካርዳቸው የተጻፈላቸው ጠባይ ነበር። እንግዲህ ቀለም ለውጦ አዲስ ገጸ ባሕርይ መውለድ የመስታወት ዓለም ያመጣው ነውር ሳይሆን የዘርፉ ጥንታዊ አሠራር ነው።

ሐሳቡም ሁልጊዜ ከአሻንጉሊት መደብር አይመጣም። ክፉው ሂ-ማን የሚገዛት «አንቲ-ኢተርኒያ»፣ ማለትም የሂ-ማን ዓለም የኢተርኒያ ግልባጭ፣ በ1980ዎቹ በጀርመን የድምፅ ድራማዎች ውስጥ የተወለደች ናት። በጆሮ የምትታይ ዓለም ነበረች። ዲሲ ኮሚክስ በ2019 በጀመረው የሂ-ማን ብዙ ዓለማት ታሪክ ውስጥ ነው ያ ክፉ ሂ-ማን ዋና ጠላት ሆኖ የተነሣው።

«ወገናቸው ከመጀመሪያው የተወሰነ ነው፤ መገልበጡ ከተፈጥሯቸው ጋር ይጋጫል»

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ታሪኩ ተቃራኒውን ይላል። ሮቦቶቹ ኦቶቦትና ዲሴፕቲኮን ከመባላቸው በፊት በጃፓን የታካራ ኩባንያ አሻንጉሊቶች ነበሩ፤ ገሚሱ በ1980 ከተጀመረው «ዳያክሎን»፣ ገሚሱ ከ«ማይክሮ ቼንጅ»። በዳያክሎን ሮቦቶቹ ሕይወት የላቸውም፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ትንንሽ ሰዎች ገብተው የሚነዷቸው ማሽኖች ናቸው። ኋላ ኦፕቲመስ የሆነው የጭነት መኪና እንዲህ ያለ ማሽን ነበር። ኋላ ሜጋትሮን የሆነው ሽጉጥ ደግሞ የመጣው ከማይክሮ ቼንጅ ነው።

የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች ሃዝብሮ አሻንጉሊቶቹን ወደ አሜሪካ ሲያመጣ ስምና ነፍስ የሰጣቸው ማርቭል ኮሚክስ ነው። ሜጋትሮንን ጨምሮ አብዛኞቹን ስም ያወጣላቸውና ጠባያቸውን የጻፈላቸው ቦብ ቡዲያንስኪ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ የተወሰነው ያኔ፣ በወረቀት ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ ከተሠራ በኋላ።

ስለዚህ ስታርስክሪም ደግ ሆኖ ሲመጣ «ይሄ የእሱ ቦታ አይደለም» ለሚሉ ወዳጆቼ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ኋላ ስታርስክሪም የሆነው ያ ኤፍ-15 የጦር ጄት በዳያክሎን ዘመን ይበር የነበረው ነፍሳት መሰል ወራሪዎችን ከሚዋጉት፣ ማለትም ከደጎቹ ጎን ነበር። ጎራ ለውጦ ክፉ የሆነው በ1984 ነው።