«ፎንቱ እምቢ አለኝ» ለምትሉ፦ ስለ አማርኛ ጌጠኛ ጽሑፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ሰው በሰርግ ሰሞን ዕረፍት የለውም። «አንተ እኮ ኮምፒውተር ትችላለህ» ይሉሃል፣ በቃ፣ የጥሪ ካርዱ አንተ ላይ ወደቀ። እኔም የገባሁበት እንደዚሁ ነው። ባለሙያ አይደለሁም። ቤት ባለች አሮጌ ላፕቶፕ የዘመድ ካርድ፣ የእድር ማስታወቂያ፣ የሕፃናት ሰርተፍኬት እሠራለሁ፣ ከዚያ በፍላሽ ይዤ ፒያሳ ማሳተም ነው። ታዲያ በዚህ መሀል ከሰው የሰማኋቸው፣ ግማሾቹን ደግሞ ራሴ አምኜ የተቀጣሁባቸው ወሬዎች አሉ።

«ጌጠኛ ፎንት ካወረድኩ አማርኛውም ያጌጣል።»

ይኼ የመጀመሪያው የኔ ስህተት ነው። ፎንት ማለት የፊደሉን መልክ የያዘው ፋይል ነው። ለአክስቴ ልጅ ካርድ ብዬ ጭራቸው የተጠማዘዘ፣ አበባ የመሰሉ ፎንቶች ሌሊቱን ሙሉ ሳወርድ አደርኩ። ጠዋት የሙሽሮቹን ስም መረጥኩና አንዱን ፎንት ተጫንኩ፣ ፊደሉ ያው ነው። ሌላውን ተጫንኩ፣ ያው። ላፕቶፑ የተበላሸ መስሎኝ ሁለቴ አጥፍቼ አበራሁት። ለካ ፎንቶቹ የተሠሩት ለላቲን ፊደል ብቻ ነው፣ ውስጣቸው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ወርድ፣ መጻፊያው ሶፍትዌር፣ የጠየቅከውን ሲያጣ አማርኛ ካለው ፎንት፣ ለምሳሌ ከኒያላ ወይም ከኢብሪማ፣ ተበድሮ ያሳይሃል፤ መበደሩን ግን አይነግርህም። ስለዚህ ከማውረድህ በፊት ፎንቱ ያለበት ድረ ገጽ መሞከሪያ ሳጥን ላይ «ጨዋታ፣ ቋንቋ፣ ደሴ» ብለህ ጻፍ። ካልተለወጠ እለፈው። ጌጠኛ የአማርኛ ፎንት ያነሰው ለምን ይመስልሃል? ለእንግሊዝኛ ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ፊደል ነው የሚሣለው። የኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ እነ ሏ፣ ቋ፣ ጓ ሳይቆጠሩ። ሠሪው ይታክተዋል።

«ፓወር ግዕዝ ካልተጫነ አማርኛ አይጻፍም።»

ፓወር ግዕዝ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ነው፣ በጊዜው እሱን ወይም መሰሎቹን መጫን ግድ ነበር። ዛሬ ግን ሦስት ነገር ነው የሚደባለቀው፦ ፊደል የምታስገባበት ኪቦርድ፣ የፊደሉን መልክ የያዘው ፎንት፣ እና የምትሠራበት ሶፍትዌር። ዊንዶውስ 10 እና 11 የአማርኛ ኪቦርድ አላቸው፣ ቋንቋ መጨመሪያው ውስጥ ገብተህ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። ካልተመቸህ ኪማን የሚባል ነጻ የኪቦርድ ሶፍትዌር አለ። ኢብሪማ ደግሞ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አማርኛ ይዛ ነው የምትመጣው።

«ጽሑፉ ሳጥን ሳጥን ሆነ፣ ቫይረስ ገብቶበታል።»

አብሽር፣ ቫይረስ አይደለም። ሳጥን ማለት ፊደሉ አለ፣ የሚያሳየው ፎንት ግን የለም ማለት ነው። ፎንቱን ስትጭን ሳጥኑ ይጠፋል። ከሳጥን ይልቅ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቁ ከወጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ እንደዚያ ሆኖ ነበር የተገኘው። ጸሐፊያችን ጋሼ «ፍላሹን ደምስሰው፣ ሌላውንም ይበክላል» ብለው ነበር፣ ለትንሽ ነው የተረፈው። የድሮዎቹ ፎንቶች ለፊደል የነበራቸው ቦታ 256 ብቻ ስለነበር የኛን ፊደል የላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ አልበቃ ሲልም ለሁለት ለሦስት ፎንት ይከፍሉታል። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት እውነተኛ ቦታቸው ይጋለጣል። በ1999 በፈረንጆቹ ዩኒኮድ፣ የዓለምን ፊደሎች ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው የጋራ ሥርዓት፣ ለያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠ፦ ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ እንዲህ እያለ ለ 4616። አሮጌ ፋይል ካለህ የድሮውን ፎንት ፈልገህ ክፈተው፣ ወይ መቀየሪያ ሶፍትዌር ተጠቀም፣ ካልሆነም እንደኔ ቁጭ ብለህ እንደገና ጻፈው።

«ቦልድ ካደረግኩት ይጎላል፣ ያምራልም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ካርድ የሚበላሸው እዚህ ነው። ኒያላ ደማቅ ቅርጽ ይዛ አልተሠራችም። ቦልድ ስትላት ሶፍትዌሩ ራሱ መስመሯን ያወፍራታል፣ ቀለሙም ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። የ«ሴ»ን እግር እዩ፣ ቀለበት አለችው። የ«ሲ» እግር ግን ሰረዝ ናት። በትንሽ መጠን አወፍረህ ስታትመው ቀለበቷ ትደፈንና ከተማችን ደሴ «ደሲ» ሆና ትወጣለች። ካርድ ላይ አይቼዋለሁ። ደማቅ ከፈለግክ ደማቅ ሆኖ የተሣለውን ውሰድ፦ ኢብሪማ ቦልድ አላት፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ አለው።

ደግሞ ጌጥ ማለት ፊደሉን ማጣመም ብቻ አይደለም። የብራና መጻሕፍቱን ብታይ ፊደሉ ንጹህ ነው፤ ጌጡ ከላይ የተሣለው ሐረግ፣ ማለትም የተጠላለፈው የመስመር ጌጥ ነው፣ መክፈቻው መስመርና የቅዱሳኑ ስም ደግሞ በቀይ ቀለም ይጻፋል። የአክስቴን ልጅ ካርድ በመጨረሻ እንደዚያ ነው የሠራሁት፦ አቢሲኒካ ፎንት፣ ስማቸው በቀይ፣ ከላይ ሐረግ። አክስቴ «ይኼስ ሰው ሰው ይሸታል» አለችኝ።

«ቢስሚላህ ስጽፍ ፊደሉ ተለያይቶ የሚወጣው ፎንቱ ስለማይረባ ነው።»

ወሎ ላይ ካርድ የሚሠራ ሰው ይኼ አያመልጠውም። የዐረብኛ ፊደል እንደ ቦታው መልኩን እየቀየረ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል፣ ያያይዝ ዘንድ ደግሞ ሶፍትዌሩ ማወቅ አለበት። ወርድ ያውቃል። በቆዩት የፎቶሾፕ ዕትሞች ላይ ግን የመካከለኛው ምሥራቅ ጽሑፍ ምርጫው ካልበራ ፊደሎቹ ተነጣጥለው፣ አንዳንዴም ተገልብጠው ይሰለፋሉ። ሙሉው ቢስሚላህ እንደ አንድ ምልክት የተቀመጠበት የዩኒኮድ ቁጥርም አለ፣ ያለው ፎንት ካገኘህ እሱ ይሻላል። ከመታተሙ በፊት ግን ቁርኣን የቀራ ሰው ይየው። በዚህ ቀልድ የለም።

«ኢንተርኔት ላይ ያለ ፎንት ሁሉ ነጻ ነው።» አይደለም። ብዙዎቹ ለግል ብቻ ናቸው፣ ገንዘብ ከተቀበልክበት ፈቃድ ይጠይቃሉ። አቢሲኒካና ኖቶ ግን ክፍት ፈቃድ አላቸው፣ ለሚከፈልህ ሥራም ትጠቀምባቸዋለህ። ፎንቱን ለብቻው አትሽጠው እንጂ።

«ቤቴ ካማረ ማተሚያ ቤትም ያምራል።»

ኮምቦልቻ ለነበረ ሰርግ ባነር ሠርቼ፣ ፋይሉን እንዳለ በፍላሽ ይዤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። እዚያ ሲከፈት ፎንቱ እነሱ ጋ የለም፣ ሌላ ተተክቶበታል፣ መስመሩ ተገፍቶ የሙሽራው ስም ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ታች ወርዷል። ጥፋቱ የኔ ነው። ሐረጎን መልሼ ወጣሁ። አሁን ካርድ ከሆነ ፒዲኤፍ አደርገዋለሁ፣ ፎንቱን ውስጡ ይይዛል። ባነር ከሆነ ደግሞ ኮረል በሚባለው የሥዕል መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ ኮንትሮል እና ኪው ተጭኜ ወደ ከርቭ እቀይረዋለሁ፣ ያኔ ፊደሉ ሥዕል ይሆንና ፎንት አይፈልግም። በቴሌግራም ከላክህ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፣ ፎቶውን ይጨምቀዋል። ከርቭ ያልሆነውን ኮፒም ለብቻው አስቀምጥ፣ ምክንያቱም አንዴ ከርቭ ከሆነ በኋላ «ሲ»ን «ሴ» ማድረግ የለም። እኔ ከመቀየሬ በፊት ለሙሽራው እናት ደውዬ ስሙን ፊደል በፊደል አስነብባቸዋለሁ።