የአሜሪካ ግዛቶች የሳይንስ ፈተና እንዴት ይዘጋጃል?

በአሜሪካ ሁሉም ተማሪ የሚቀመጥለት አንድ አገር አቀፍ የሳይንስ ፈተና የለም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው እያንዳንዱ ግዛት ነው። የፌዴራል መንግሥቱ የሚያስገድደው ፈተናው እንዲኖርና አንዳንድ መሠረታዊ ደንቦችን እንዲያሟላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው የትምህርት ሕግ፣ ግዛቶች ከ2007–08 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሳይንስን እንዲፈትኑ አዘዘ። በ2015 ሕጉ በሌላ ቢተካም ይህ ግዴታ አልተነሳም። ሒሳብና ንባብ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ይፈተናሉ። ለሳይንስ ግን ከ3ኛ እስከ 5ኛ፣ ከ6ኛ እስከ 9ኛ እና ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት እርከኖች ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ መፈተን ይበቃል።

ስለዚህ ካሊፎርኒያ 5ኛ ክፍል፣ 8ኛ ክፍል እና ሁለተኛ ደረጃ ላይ አንዴ ትፈትናለች። ቴክሳስም 5ኛና 8ኛ ክፍልን ትፈትንና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ባዮሎጂን ትጨምራለች። የኒውዮርክ ነገር ከሁሉም ይቀድማል። ሬጀንትስ የሚባለው የግዛቷ ፈተና የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እስከ ዛሬም የሬጀንትስ ሳይንስ ለመፈተን ተማሪው 1,200 ደቂቃ የላብራቶሪ ሥራ መሥራት አለበት። ይህ ደንብ ደስ ይለኛል። ልጁ ወረቀቱ ፊት ከመቀመጡ በፊት ዕቃ በእጁ ይዞ መሞከሩን ያረጋግጣል።

የፈተናው መነሻ ግዛቱ ያወጣው የትምህርት ስታንዳርድ፣ ማለትም ተማሪው በየክፍሉ ሊያውቀው የሚገባው ዝርዝር ነው። በ2013 ደግሞ ትልቅ ለውጥ መጣ። 26 ግዛቶች የመሩት አዲስ የሳይንስ ስታንዳርድ ይፋ ሆነ። ስታንዳርዱ ተማሪው የሚያውቀውን ብቻ አይጠይቅም። ሳይንቲስቶች የሚሠሩባቸውን 8 የአሠራር መንገዶች፣ ለምሳሌ ከመረጃ ተነስቶ መከራከርን፣ እና ሁሉንም የሳይንስ ዘርፍ የሚያገናኙ 7 ሐሳቦችን ከትምህርቱ ይዘት ጋር አብሮ ይጠብቃል። ብዙ ግዛቶች እንዳለ ወሰዱት ወይም ለራሳቸው አመቻችተው ተጠቀሙበት። ቴክሳስና ፍሎሪዳ በየራሳቸው ስታንዳርድ ቀጠሉ።

ለፈተና አዘጋጆቹ ይህ ቀላል አልነበረም። ሦስቱን ነገር በአንድ ጥያቄ እንዴት ትለካለህ? በረዶ የተሞላ ብርጭቆን እንውሰድ። ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆው ላብ ያወጣል። የድሮው ዓይነት ጥያቄ «ጠብታዎቹ ከየት መጡ?» ብሎ አራት ምርጫ ይሰጣል። ልጁ «ከአየር» የሚለውን ክፍል ውስጥ ሰምቶት ከነበረ ያከብባል፣ አለቀ። ማሰቡን ግን አላየንም።

አዲሱ ዓይነት ጥያቄ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ክዳኑ የተገጠመ ብርጭቆ ነው እንበል። ውስጡ በረዶና ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ አለ። መጀመሪያ ሲመዘን 300 ግራም ነበር። ከ20 ደቂቃ በኋላ 302 ግራም ሆነ። ውጪው ላይ ያሉት ጠብታዎች ቀለም የላቸውም። አንድ ተማሪ «ውሃው ከውስጥ አፈትልኮ ነው» ይላል። ተፈታኙ ይህን ሐሳብ ከመረጃው ተነስቶ እንዲሞግት ይጠየቃል። አፈትልኮ ቢሆን ጠቅላላው ክብደት ባልጨመረ፣ ጠብታውም በቀላ ነበር። እዚህ ላይ ሽምደዳ አያድንም። ስለ አንድ ክስተት እንዲህ ተያይዘው የሚመጡ ጥያቄዎች የዛሬው ፈተና ዋና አካል ናቸው።

ጥያቄዎቹን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የኮንትራት ድርጅት ባለሙያዎችና የግዛቱ መምህራን ናቸው። በምርጫ ጥያቄ ውስጥ ከባዱ ሥራ የተሳሳቱትን አማራጮች መጻፍ ነው። ጥሩ የተሳሳተ አማራጭ ልጆች በእርግጥ የሚያስቡት ነገር ነው። «ቅዝቃዜው ራሱ ወደ ውሃ ተለወጠ» ብሎ የሚያምን ልጅ ብዙ ነው። ያንን አማራጭ ስንት ልጅ እንደመረጠ ማወቅ ለመምህሩ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ግምገማው ይከተላል። አንዱ ቡድን ሳይንሱ ትክክል መሆኑን ያያል። ሌላው ፍትሐዊነቱን ይመረምራል። ጥያቄው ስለ በረዶ ሸርተቴ ከሆነ፣ በረዶ አይቶ የማያውቅ ልጅ ምን ይሁን? ዐረፍተ ነገሩ ረዝሞ እንግሊዝኛን ገና የሚማር ልጅ ቢሰናከልስ? ያኔ የምንለካው ንባብን እንጂ ሳይንስን አይደለም። በእኔ እምነት ከሂደቱ ሁሉ የማይዘለለው ይህ ነው። ዐይነ ስውር ተማሪዎች በብሬል እንደሚፈተኑም ከመጀመሪያው ማሰብ ያስፈልጋል። ሥዕል ላይ ብቻ የቆመ ጥያቄ በብሬል አይሆንም። ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ተማሪዎች የተለየ ፈተና አለ። ሕጉ በአንድ ትምህርት በዚህ መንገድ የሚፈተኑትን ከጠቅላላው ተፈታኝ 1 በመቶ እንዳይበልጡ ይገድባል።

ግምገማውን ያለፈ ጥያቄ ወዲያው ነጥብ አይያዝበትም። አብዛኛውን ጊዜ በእውነተኛው ፈተና መሃል ተሰክቶ ይሞከራል። ተማሪው የትኛው የሙከራ እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ ቁጥሩ ይታያል። ስንት በመቶው መለሰው? ጎበዞቹ እየሳቱት ደካሞቹ ካገኙት አንድ ችግር አለ፤ ምናልባትም መልሱ ራሱ አሻሚ ነው። እኩል ችሎታ ያላቸው ወንዶችና ሴቶች ውጤታቸው ከተራራቀ ጥያቄው እንደገና ለሰዎች ይቀርባል። ብዙ የተለፋበት ጥያቄ እዚህ ወድቆ ይቀራል።

በጽሑፍ የሚመለሱትን የሚያርሙት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንድ ቦታ ኮምፒውተርም ያግዛል። አራሚዎቹ አስቀድመው ነጥብ የተሰጣቸው የናሙና መልሶች ይዘው ይለማመዳሉ። ወደ ብርጭቆው እንመለስ። «ክብደቱ ስለጨመረ» ብሎ ያቆመ ልጅ 1 ነጥብ ያገኛል እንበል። «ከውስጥ ቢወጣ ኖሮ ክብደቱ ያው ይሆን ነበር» ብሎ የጨመረ 2 ያገኛል። የፊደል ግድፈት አያስቀንስም። ከወረቀቶቹ የተወሰኑት ሁለት ጊዜ ይታረማሉ። ሁለቱ አራሚዎች ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ያያል።

«ብቁ» የሚያሰኘው ነጥብ የሚወሰነውም በመምህራን ጉባኤ ነው። በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ጥያቄዎቹን ከቀላል ወደ ከባድ በአንድ መጽሐፍ መደርደር ነው። እያንዳንዱ መምህር ገጽ በገጽ እየሄደ፣ ለብቃት ትንሽ የሚቀረው ሳይሆን ለጥቂት ያለፈው ተማሪ እስከየት ይደርሳል ብሎ ዕልባት ያስቀምጣል። ይወያያሉ፣ ዕልባታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ደግመው ይወያያሉ። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን የግዛቱ ባለሥልጣን ነው። በየዓመቱ ጥያቄው ስለሚቀያየር፣ በሁለቱም ዓመት የሚደገሙ ጥቂት የጋራ ጥያቄዎች ይቀመጡና ውጤቶቹ በእነሱ ይመጣጠናሉ።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። በእጅ የሚሠራው ፈተና እየቀረ ነው። ኒውዮርክ ለረጅም ዓመታት የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቿ ዕቃ ይዘው የሚሠሩት የፈተና ክፍል ነበራት። እንዲህ ያለው ፈተና ዕቃ ማዘጋጀት፣ ማጓጓዝና ማረም ይጠይቃል፤ ውድ ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚተካው በኮምፒውተር ማሳያ ነው። ተማሪው ቴርሞሜትሩን በማውዝ ይጎትታል። ጥሩ ነው፣ ግን ብርጭቆውን ነክቶ መቀዝቀዙን አያውቅም።

ፈተናው ምን እንደሚያስከትልም ከግዛት ግዛት ይለያያል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሳይንስን ጨምሮ የግዛቱን ፈተና አለማለፍ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ያስከለክል ነበር። በኅዳር 2024 መራጮች ይህን ግዴታ በድምፅ አነሱት። ፈተናው ግን ይሰጣል።

ከፈተናው በኋላ ብዙ ግዛቶች የተወሰኑ ጥያቄዎችን ከተማሪዎች መልስ ናሙና ጋር ለሕዝብ ይለቃሉ። መምህራን ክፍል ውስጥ ይጠቀሙባቸዋል። የተለቀቀ ጥያቄ ተመልሶ ፈተና ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ በቦታው ሌላ ይጻፋል፣ ይገመገማል፣ ይሞከራል።