ቋሚ ገቢ ምንድን ነው? የጡረተኛ ቤት ሂሳብ ሲታይ

"ቋሚ" የሚለውን ቃል እንወደዋለን። ቋሚ ሥራ፣ ቋሚ ሠራተኛ፣ ቋሚ አድራሻ። ሽማግሌ ሲላክ እንኳ "ልጁ ቋሚ ሥራ አለው ወይ?" ይባላል። ጡረታ ሲወጣ ግን ቃሉ ሌላ መልኩን ያሳያል። የቆመ ነገር አይወድቅም፣ እውነት ነው። አይሄድምም። ገበያው ደግሞ ይሄዳል።

ቋሚ ገቢ ማለት በየወሩ በታወቀ መጠን የሚገባ፣ ሰውየው ቢተጋም ቢተኛም የማይለወጥ ገንዘብ ነው። በእኛ አገር ዋናው ምሳሌ የጡረታ አበል ነው። ሠራተኛም ደሞዙ ቋሚ ነው ሊባል ይችላል። ሠራተኛ ግን እድገት ይጠብቃል፣ ትርፍ ሰዓት ይሠራል፣ የተሻለ ከፋይ ሲያገኝ መሥሪያ ቤት ይቀይራል። ጡረተኛ እነዚህ በሮች ተዘግተውበታል። በአበሉ ላይ አልፎ አልፎ ማስተካከያ ይደረጋል። ቢሆንም መቼና ስንት እንደሚሆን ታውቆ ወጪ የሚታቀድበት ነገር አይደለም።

መጠኑ የሚሰላው እንዲህ ነው። በሥራ ዘመን ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደሞዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። መደበኛው የመውጫ ዕድሜ 60 ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው አበሉ የዕድሜ ልክ ይሆናል። ለ10 ዓመቱ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። መቶኛው የሚወሰደው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ መሠረታዊ ደሞዝ ላይ ነው። (ወታደርና ፖሊስ የሚጨመርላቸው ከፍ ይላል።)

30 ዓመት ያስተማረች መምህር እናስብ። የሦስት ዓመት አማካይ ደሞዟ 9,000 ብር ነው እንበል። 30 በመቶ አላት፤ በ20ው ተጨማሪ ዓመት 25 በመቶ ይጨመራል፤ 55 በመቶ ሆነ። አበሏ 4,950 ብር ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ ወደዚህ ሥርዓት የገባው በ2003 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ነው። ያኔ መዋጮ ጀምሮ በ2018 ዓ.ም የሚወጣ ሰው የ15 ዓመት አገልግሎት ይያዝለታል፤ 36.25 በመቶ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው "አማካይ" እና "መሠረታዊ" የሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ሲደርስ ነው። ደሞዝ የተጨመረው በመጨረሻው ዓመት ከሆነ ጭማሪው ለሦስት ይካፈላል። ሁለቱን ዓመት 7,000፣ የመጨረሻውን 10,000 ብር የተከፈለው ሰው ሂሳቡ የሚሠራለት በ8,000 ነው። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የኃላፊነት አበል የሚባሉት ደግሞ ከነጭራሹ አይገቡም። ቤቱን ሲያኖሩ የነበሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ነበሩ። ስለዚህ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ሦስት ዓመት የቀረው ሰው አበሉን ከእጁ ከሚገባው ብር ላይ ሳይሆን ከመሠረታዊ ደሞዙ ላይ ያስላ። የግል ማኅደሩንም አስወጥቶ ይይ፤ ዕድሜ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው ቅጽ ነው።

ወደ ቤቱ እንግባ። "ጡረታ ስትወጣ ወጪህም ይቀንሳል" የሚባል ነገር አለ። የታክሲው ይቀንሳል። የሸሚዝና የጫማው ይቀንሳል። የምሳው ወደ ቤት ይዞራል። የጤናው ወጪ ግን ወደ ላይ ይሄዳል። የግፊትና የስኳር መድኃኒት እንደ ዘይትና ስኳር የወር አስቤዛ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ ከነማ መድኃኒት ቤት ጠዋት የሚሰለፉትን አንድ ቀን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሽበት ይበዛል።

በጣም የሚያድገው ግን ማንም በሂሳብ ውስጥ የማያስገባው ነው፤ የማኅበራዊ ኑሮ ወጪ። ሥራ ላይ እያሉ "ስብሰባ አለኝ"፣ "ፊልድ ወጥቼ ነው" ማለት ይቻላል። ጡረተኛ ምን ይላል? ጊዜ አለው። ደግሞም ትልቅ ሰው ሆኗል። ለቅሶ ይደርሳል፣ ሽምግልና ይጠራል፣ የማኅበሩን ጽዋ ያነሳል፣ የዘመድ ሠርግ ላይ የፊት ወንበር ይሰጠዋል። የፊት ወንበር ነፃ አይደለም። ገቢው በግማሽ ሲወርድ ክብሩ በእጥፍ ይጨምራል፤ ክብር ደግሞ ፖስታ ውስጥ ብር ይጠይቃል። እኔ የብዙ ጡረተኛ ቤት የሚናጋው ካፌ ተቀምጦ በሚጠጣ ማኪያቶ ነው ብዬ አላምንም። በዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር የገንዘቡ ማነስ ብቻ ሳይሆን አመጣጡ ነው። አበል በየወሩ እኩል እኩል ተቆርሶ ይመጣል። ወጪ ግን እንደዚያ አይመጣም። መስከረም ላይ የልጅ ልጅ ደብተር አለ። ፋሲካ ላይ በግና ቅቤ አለ። ጥርን ተመልከቱ። አዲሱ ጤፍ ገብቶ ገበያው ረገብ የሚልበት ወር ነው፤ ኩንታል የሚገዛ ያኔ ይገዛል። ያው ጥር የሠርግ ወር ነው። ጤፉ እና ፖስታው አንድ ኪስ ላይ ይገናኛሉ። ፖስታው ካሸነፈ ጤፉ በኪሎ መገዛት ይጀምራል። ክረምት ሲደርስ ያው ሰው ያንኑ እንጀራ በውድ ይበላል።

ለዚህ የእኛ ሰው የቆየ መፍትሔ አለው፤ ዕቁብ። ቁርስራሹን ገንዘብ ወደ ጥቅል ይቀይረዋል። እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ የሰፈር ዕቁቧን አልተወችም፤ መጠኑን አሳነሰችው እንጂ። ዕጣው በሰኔ ከወጣላት ጥር ከደረሰው ሰው ጋር ትለዋወጣለች። ዳኛው ያውቃታል፤ "የጤፍ ዕቁብ" ይላታል። በርበሬና ሽሮም አንዴ ነው የሚዘጋጀው። በየሳምንቱ የእሁድ ገበያ ትሄዳለች፤ እዚያ ግን የሚገዛው ሽንኩርትና ድንች ነው። እድርስ? እድር አይነካም። ቁርስ ይቀራል እንጂ እድር አይቀርም።

ቤት ያለው ጡረተኛ ሰርቪሱን ያከራያል። ጥሩ ድጋፍ ነው። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ አከራይ እንደፈለገው መጨመር አይችልም። ለተከራዩ እፎይታ ነው። ለአከራዩ ጡረተኛ ግን ሁለተኛ ቋሚ ገቢ ሆነበት ማለት ነው።

ቋሚ ያልሆነው ገቢ ልጆች የሚልኩት ነው። ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ከመጦር ጋር የተያያዘ ነው፤ "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" ብለን እንመርቃለን። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለች ልጅ የምትልከው ዶላር ከምንዛሪው ጋር ይነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ያው ዶላር ብዙ ብር ሆነ። የእናትየው አበል ግን እዚያው ነበር። ይሁንና ልጅ ሥራ ትለቃለች፣ ትወልዳለች፣ ኪራይ ይጨመርባታል። የጤፉን ወጪ በአበል፣ የጣሪያ እድሳቱን በልጅ ገንዘብ ያደረገ ቤት ብሩ የቀረ ወር አይራብም። ያገላበጠው ግን ስልክ ሲጠብቅ ይውላል።

አንድ ነገር ሳይነሳ ይቀራል፤ ማንሳቱ ስለሚከብድ ነው። ጡረተኛው ሲሞት የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው የአበሉን 50 በመቶ ነው። 4,950 የነበረው 2,475 ይሆናል። ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ቀነሰ፤ የቆጣሪው፣ የኪራዩ፣ የእድሩ ሂሳብ ግን በግማሽ አይወርድም። ባልና ሚስት በሕይወት ሳሉ አንድ ምሽት ቁጭ ብለው በዚያች ቁጥር ወሩን ቢያሰሉት አይከፋም። አባቴ "ሟርት ነው" ብሎ እምቢ ብሎ ነበር። እናቴ ለብቻዋ አሰላችው። በማግስቱ የባለ ሦስት ክፍሉን ሰርቪስ በር ለማሳደስ አናጺ ጠራች።