ስለ «ካዛብላንካ» ፊልም በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

«የፍቅር ፊልም ነው» ይላሉ። የካፌው ባለቤት ሪክና የቀድሞ ፍቅረኛው ኢልሳ ኤርፖርት ላይ ሲለያዩ ብቻ ስለምናስታውስ ነው እንጂ፣ ታሪኩ የሚሽከረከረው በተገደሉ የጀርመን መልእክተኞች፣ በተሰረቀ የጉዞ ወረቀት እና ናዚዎች በሚያሳድዱት የተቃውሞ መሪ ዙሪያ ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው በሞሮኮዋ ካዛብላንካ ከተማ ስለሆነ፣ እዚያው የተቀረጸ የሚመስላቸውም አሉ። በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ1942 ካሊፎርኒያ፣ ዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ነው የተሠራው። መጨረሻ ላይ የምናየው አውሮፕላን እንኳ አስመስለው የሠሩት ትንሽ ነገር ነው፤ ትልቅ እንዲመስል አጠገቡ ቁመታቸው በጣም አጭር የሆኑ ሰዎችን አቁመው፣ የቀረውን ጉድለት በጭጋግ ሸፈኑት። ሪክን ሮናልድ ሬገን ሊጫወተው ነበር የሚባለውም ስቱዲዮው ለጋዜጣ የለቀቀው ወሬ ነው። ፕሮዲውሰሩ ሀል ዋሊስ የፈለገው በመጨረሻ ሪክን የተጫወተውን ሃምፍሪ ቦጋርትን ነበር።

ፊልሙ ውስጥ ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ሁሉ የሚሻሙበት፣ ማንም ሊሽረው አይችልም የተባለው የጉዞ ወረቀትስ? እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበረም፤ የደራሲዎች ፈጠራ ነው። የእውነቱ ስደተኛ የመውጫ ፈቃድ፣ የስፔንና የፖርቱጋል ማለፊያ፣ ከዚያ የመድረሻ አገር ቪዛ እያለ ደጅ ሲጠና፣ አንዱን ሲያገኝ የሌላው ጊዜ ያልፍበት ነበር።

ይህን ደግሞ ተዋናዮቹ ራሳቸው ቀምሰውታል። «ሆሊውዶች ስደተኛ መስለው የተወኑት ነው» ሲባል የምናደደውም ለዚህ ነው። ናዚውን ሻለቃ ስትራሰርን የተጫወተው ኮንራድ ፋይት ጀርመናዊ ነው፤ ሚስቱ አይሁዳዊት ስለነበረች ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ አገሩን ጥሎ ወጥቷል። ካፌው ውስጥ የፈረንሳይ መዝሙር ሲዘመር እንባዋ የሚወርደውን ወጣትም ልብ ብላችሁ እዩዋት። ማድሌን ለቦ ትባላለች። ጀርመኖች ፓሪስን ሊይዙ ሲሉ ከባሏ ከማርሴል ዳሊዮ ጋር ሸሽታ በሊዝበን በኩል ወጣች፤ የያዙት የቺሊ ቪዛ ሐሰተኛ ሆኖ ሜክሲኮ ላይ ተይዘው ቀርተው ነበር። ዳሊዮም ፊልሙ ውስጥ አለ፣ የቁማር ጠረጴዛው ሠራተኛ እሱ ነው።

«እኛን የሚመለከት ነገር የለውም» ለሚሉት ደግሞ አንድ ቦታ ልጠቁም። የፖሊስ አዛዡ ሬኖ ሪክን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ ታቀብል ነበር፣ በዓመቱ ደግሞ ስፔን ሄደህ ተዋጋህ ይለዋል። ሳታስተውሉት የሚያልፍ ንግግር ነው። ጣልያን ልትወረን ስትዘጋጅ መሣሪያ የምንገዛበት በር ምን ያህል ተዘግቶብን እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ግን፣ ሪክ ለማንም ግድ የለኝም እያለ ሲምል ገና ከጅምሩ አያምነውም።